ምዕራፍ ስድስት፦ ጌጁ ሲዋሽ

ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ የሚያቀና ሾፌር ጣርማ በር ሲደርስ ከዋናው የደሴ መንገድ ይለያል። ዋናው መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን በበሳው ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ፣ የመንዙ ደጋውን ይዞ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ ወደ መሐል ሜዳ ይቀጥላል፤ ግሼ ራቤል ከዚያም ይርቃል። ወደ መርሐቤቴ የሚሄደው ደግሞ በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል አልፎ የጀማን ሸለቆ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ ሽቅብ ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። በእነዚህ መንገዶች ማደያ እንደ አዲስ አበባ በየመታጠፊያው አይገኝም። የተገኘውም ናፍጣ አልቆበት ሊጠብቅዎት ይችላል። ያኔ የሚቀረው በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቸረቸረው ነው፤ ዋጋውን ሻጩ፣ ጥራቱን እግዜር ያውቀዋል።

እንዲህ ባለ አገር የነዳጅ ጌጅ ጌጥ አይደለም። ችግሩ፣ ደጋውን የሚያመላልሱት ብዙዎቹ መኪኖች ዕድሜ የጠገቡ መሆናቸው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ እጅ ላይ ያለው አሮጌ ላንድክሩዘር፣ ሃይሉክስ ወይም ዲኤክስ ገና ብዙ ዓመት ማገልገል ይጠበቅበታል። ሞተሩ ይችላል። ቀድሞ የሚደክመው እንደ ጌጅ ያለው ትንሹ ነገር ነው፤ ባለቤቱም «አይሠራም፣ በግምት ነው የምነዳው» ብሎ ይተወዋል።

መተው ግን አያስፈልግም። የተበላሸ ጌጅ ዝም ብሎ አይዋሽም፤ የሚዋሽበት መንገድ ራሱ ጥፋቱ የት እንዳለ ይናገራል። ያንን ማንበብ የቻለ ሰው አንድም ዕቃ ሳይገዛ ችግሩን በቁራጭ ሽቦ ይደርስበታል።

መርፌው ከማን ይሰማል?

የቆየ መኪና ጌጅ ኮምፒውተር የለበትም። ከባትሪ የሚነሳው ኤሌክትሪክ በኳድሮው ቁልፍና በፊውዝ አልፎ ዳሽቦርዱ ላይ ወዳለው ጌጅ ይገባል። ከጌጁ በአንድ ሽቦ ወደ ኋላ ተጉዞ ሳልባትዮው ላይ የተገጠመው ሴንደር ዘንድ ይደርሳል። ከሴንደሩ ደግሞ በመኪናው ብረት በኩል፣ ማለትም በግራውንድ፣ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው፤ ምግብ የሚሰጠው መስመር፣ ጌጁ፣ የኋላው ሽቦ፣ ሴንደሩና ግራውንዱ። ጥፋት ካለ ከእነዚህ በአንዱ ነው።

ሴንደሩ ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ ያለበት ክንድ ነው። ነዳጁ ሲሞላ ክንዱ ይነሳል፣ ሲጎድል ይወርዳል። የክንዱ ሌላኛው ጫፍ በጣም ስስ በሆነ የሽቦ ጥቅልል ላይ እየተንሸራተተ የኤሌክትሪኩን መንገድ ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል፤ አሠራሩ የአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማዞሪያ ዓይነት ነው። በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ሳልባትዮው ሙሉ ሲሆን የሴንደሩ ተቃውሞ ከ20 ኦም በታች ነው፤ ባዶ ሲሆን ከ100 ኦም በላይ ይሄዳል። በቆዩ የእንግሊዝ መኪኖች፣ ላንድሮቨርን ጨምሮ፣ ባዶው 240 ኦም ገደማ ይደርሳል። አንዳንድ የአሜሪካና የአውሮፓ መኪኖች ግን ተገላቢጦሽ ናቸው፤ ሲሞላ ተቃውሞው ይጨምራል። ስለዚህ ከሌላ መኪና የተነቀለ ሴንደር ቀዳዳው ላይ ልክ ስለገባ ብቻ ልክ ያነባል ማለት አይደለም።

ጌጁ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሁለት የተጣበቁ የተለያዩ ብረቶች ይሠራል፤ በላዩ የተጠቀለለው ሽቦ ሲሞቅ ቅጠሉ ይጎብጥና መርፌውን ይገፋል። ይህ ዓይነቱ ቀርፋፋ ነው፤ ኳድሮው ሲከፈት መርፌው ቀስ ብሎ ይወጣል። ሁለተኛው በማግኔት የሚሠራው ሲሆን ወዲያው ዘሎ ቦታውን ይይዛል። የመጀመሪያው ዓይነት ባለባቸው ብዙ መኪኖች ውስጥ ስታቢላይዘር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። ሥራው የባትሪው ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ቢልም ለጌጁ የማይለዋወጥ ቮልቴጅ መስጠት ነው፤ በእንግሊዞቹ መኪኖች 10 ቮልት ገደማ። ብዙ ጊዜ ይኸው ስታቢላይዘር የሙቀት ጌጁንም ይመግባል። ይህችን ያስታውሷት፤ ቀጥሎ ትጠቅማለች።

የውሸቱ ዓይነት

መጀመሪያ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ኳድሮውን ብቻ ይክፈቱ፤ ሞተሩን ማስነሳት አያስፈልግም። ከዚያ መርፌውን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱን የሙቀት ጌጅም ይመልከቱ። ሁለቱም ከሞቱ ጥፋቱ ሳልባትዮው ዘንድ አይደለም፤ ፊውዙን፣ የዳሽቦርዱን ሶኬትና ስታቢላይዘሩን ይጠርጥሩ። ሁለቱም ከሚገባው በላይ ከፍ ብለው ካነበቡ ስታቢላይዘሩ ሥራውን አቁሞ የባትሪውን ቮልቴጅ እንዳለ እያሳለፈ ነው፤ ወይም የራሱ ግራውንድ ላልቷል። የሙቀቱ ደህና ሆኖ የነዳጁ ብቻ ካበደ ጉዳዩ የነዳጅ መስመሩ የግሉ ነው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የተለመደውን የቶዮታ ዓይነት የሚመለከት ነው። መርፌው ሁልጊዜ ባዶው ላይ ከተኛ ኤሌክትሪኩ አንድ ቦታ ተቋርጧል፤ ሽቦ ተበጥሷል፣ ሶኬት ዝጓል፣ ወይም ግራውንድ ጠፍቷል፤ ካልሆነም ተንሳፋፊው ነዳጅ ጠጥቶ ሰምጧል። ሁልጊዜ ሙሉው ላይ ከተሰቀለ ግን የኋላው ሽቦ ሽፋኑ ተልጦ የመኪናውን ብረት እየነካ ነው፣ ካልሆነም ክንዱ ከላይ ተጣብቋል። ከሙሉ እስከ ግማሽ በደንብ ወርዶ ግማሽ ላይ ድንገት ባዶ የሚል፣ ትንሽ ሲነዱ ደግሞ የሚመለስ ከሆነ ጥቅልሉ በዚያች ነጥብ አልቋል። ብዙ ጊዜ የሚነዱት በግማሽና ከግማሽ በታች ከሆነ ክንዱ የሚመላለሰው እዚያው ላይ ነው፤ ጥቅልሉም የሚበላው እዚያው ነው። ሁልጊዜ ካለው ትንሽ አሳንሶ የሚያነብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዛገ ግራውንድ ነው፤ ዝገቱ በሴንደሩ ተቃውሞ ላይ የራሱን ይጨምራል፣ ጌጁም ልዩነቱን አያውቅም።

ሁለት ሳልባትዮ ያለው ላንድክሩዘር ከሆነ ምንም ከመፍታትዎ በፊት ማቀያየሪያውን ይመልከቱ። ጌጁ እውነቱን እየተናገረ፣ የሚናገረው ግን ስለ ሌላኛው ሳልባትዮ ሊሆን ይችላል።

በቁራጭ ሽቦ

ፈተናው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ መርፌውን ያያል፤ ሌላው ከሥር ገብቶ ከሴንደሩ የሚወጣውን ሽቦ ይነቅላል። ሽቦው ሲነቀል መርፌው ባዶው ላይ መቆም አለበት። ቀጥሎ የተነቀለው ሽቦ ጫፍ ተፍቆ ከተጸዳ የቻንሲ ብረት ጋር ይገናኛል።

«ጋሼ፣ ልንካው?»

«ንካው!»

«ምን አለ?»

«ቆይ… እየወጣ ነው… ግማሽ… ሙሉ ሞላ! አንሳው፣ አንሳው!»

ይህች አጭር ልውውጥ ችግሩን ለሁለት ትከፍለዋለች። መርፌው ወደ ሙሉ ከወጣ ፊውዙ፣ ጌጁና ረጅሙ ሽቦ ደህና ናቸው፤ ጥፋተኛው ሴንደሩ ወይም ግራውንዱ ነው። ካልተነቃነቀ ደግሞ ሳልባትዮውን መንካት አያስፈልግም፤ ይኸው ፈተና ከዳሽቦርዱ ኋላ፣ ጌጁ ጀርባ ላይ ይደገማል። እዚያ ከሠራ የተበጠሰው መካከሉ ያለው ሽቦ ነው። እዚያም ካልሠራ ቴስተሩን አውጥቶ ጌጁ ኤሌክትሪክ እየደረሰው መሆኑን ማየት ነው። «አንሳው» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሙቀት የሚሠራ ጌጅ ሙሉውን ኤሌክትሪክ ለረጅም ጊዜ ከተቀበለ ጥቅልሉ ይቃጠላል። መርፌው መውጣቱ ከታየ በቂ ነው። ሽቦው ብረት ሲነካ ትንሽ ብልጭታ ሊኖር ስለሚችልም ነዳጅ የሚያንጠባጥብ ሳልባትዮ አጠገብ ይህን አይሞክሩት።

መርፌው ሲወጣ ካዩ በኋላ ሴንደሩን ለመፍታት አይቸኩሉ። ሽቦውን ወደ ቦታው ይመልሱና ሌላ ቁራጭ ሽቦ ከሴንደሩ ክዳን ብረት ወደ ንጹሕ ቻንሲ ያገናኙ። ጌጁ ነፍስ ከዘራ በሽታው ግራውንድ ነው። ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ በሚመታው የመንዝ መንገድ የመኪናው ሥር ከሁሉ ቀድሞ ይዝጋል። መድኃኒቱም ቡሎኑን ፈትቶ፣ ብረቱ እስኪያበራ በሸካራ ወረቀት ፍቆ፣ አጥብቆ አስሮ ግሪስ መቀባት ነው።

ሴንደሩ ሲወጣ

ግራውንዱም ደህና ከሆነ ሴንደሩ መውጣት አለበት። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን በአንዲት ብልጭታ ይያያዛል። ስለዚህ ከሙሉ ሳልባትዮ ይልቅ ባዶ መሳዩ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ የያዘው ትነትና አየር ነውና። «ብርድ ስለሆነ አይተንም» የሚል ካለም ተሳስቷል፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል። የመንዙ ጓሳ ውርጭ ለእሱ ሙቀት ነው። ናፍጣ ከዚህ ይሻላል፣ ጥንቃቄው ግን ያው ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ አስቀድሞ ይነቀላል፤ ሥራው ውጪ፣ ነፋስ ባለበት ይሠራል፤ ሲጋራ፣ ሻማና ብየዳ ከአካባቢው ይርቃሉ።

ከክዳኑ ዙሪያ አቧራውን አስቀድመው ይጥረጉ፤ አለበለዚያ ሴንደሩ ሲነሳ ጠጠሩ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትተው ክዳኑን ቀስ ብለው ያንሱ። ክንዱ ረጅም ስለሆነ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ዘንበል ተደርጎ፣ ተንሳፋፊው በመጨረሻ እንዲወጣ ይደረጋል። ጎትተው ካወጡት ክንዱ ይጎብጣል፣ ከዚያ በኋላ ጌጁ ሁልጊዜ በዚያው መጠን ይሳሳታል።

የወጣውን ሴንደር ጨርቅ ላይ አስቀምጠው ተንሳፋፊውን ጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁ። ውስጡ ውኃ ቢጤ ከተንቦጫቦጨ ነዳጅ ጠጥቷል። ከናስ የተሠራውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነክሩት አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ነዳጁ ጨርሶ እንዲወጣና እንዲደርቅ ከተደረገ በኋላ በስታኞ ይደፈናል። ስታኞው መብዛት የለበትም፤ የከበደ ተንሳፋፊ ዝቅ ብሎ ይዋኛል። የፕላስቲኩ ከሆነ መቀየር ብቻ ነው።

ቀጥሎ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ከሽቦ ማያያዣው፣ ሌላውን ከክዳኑ ብረት ጋር ያገናኙና ክንዱን በጣት ቀስ እያሉ ከታች ወደ ላይ ያንሱት። ቁጥሩ ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። መንገድ ላይ ጠፍቶ ከተመለሰ ያቺ ነጥብ ቆሽሻለች ወይም አልቃለች። መጥፎ ነዳጅ፣ በተለይ ውኃ የገባበት፣ ጥቅልሉ ላይ ጥቁር ሽፋን ይሠራል። ይህ በኤሌክትሪክ ማጽጃና በለስላሳ ጨርቅ ይለቃል። በሸካራ ወረቀት መፋቅ ግን የፀጉር ያህል የቀጠነውን ሽቦ መበጠስ ነው። የሚንሸራተተው እግር ከጥቅልሉ ከራቀ በጥንቃቄ በትንሹ ጫን ማድረግ ይቻላል። ጥቅልሉ ራሱ ከተበጠሰ ብቻ ነው የሴንደር ግዢ ነገር የሚነሳው። ሲመልሱት ጓርኒሲዮኑን አዲስ ያድርጉ፤ አሮጌው ሽቅብ ሲወጡ ያንጠባጥባል።

ተራራው የሚያስዋሸው

አንዳንዴ ጌጁ ጤነኛ ሆኖ መንገዱ ያስዋሸዋል። ከጀማ ወደ ዓለም ከተማ ሽቅብ ሲወጣ ነዳጁ ወደ ሳልባትዮው ኋላ ይሸሻል። ተንሳፋፊው ወደ ኋላ ከተተከለ መርፌው ካለው በላይ ያነባል፤ ወደ ፊት ከሆነ ያሳንሳል። ቁልቁል ሲወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ ጌጅ የሚታመነው ሜዳ ላይ ነው፤ ዳገት ላይ የታየ ሩብ ሩብ ላይሆን ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ነዳጅ የሚስበው ቱቦ ወደ ሳልባትዮው ፊት ያለበት መኪና ነው፤ ጌጁ ነዳጅ አለ እያለ ሞተሩ ዳገት ላይ ሊራብ ይችላል። ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. የተመረተችው የፎርድ ሞዴል ቲ ይህን በሽታ በግልጽ አሳይታለች። ጌጅም ፓምፕም አልነበራትም፤ በአብዛኞቹ ሳልባትዮው ከወንበሩ ሥር ሆኖ ነዳጁ በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ ይወርድ ነበር። ነዳጁ ሲያንስ ቀጥ ያለ ዳገት ፊቷን አዙራ በማርሽ ኋላ ነበር የምትወጣው።

ሌላው ብርዱ ነው። ቤንዚን በእያንዳንዱ ዲግሪ አንድ ሺህኛ ገደማ ይሰፋል ወይም ይኮማተራል። ከሰዓት በሞቃታማ ቆላ 60 ሊትር የሞላ መኪና መሐል ሜዳ ውርጭ ላይ ቢያድርና ነዳጁ በ15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ጠዋት አንድ ሊትር ያህል ይቀንሳል። ጌጁንም ዘበኛውንም ከመጠርጠር በፊት ይህን ማሰብ ይገባል።

ሦስተኛው የሳልባትዮው ቅርጽ ነው። ተንሳፋፊው ከላይ ክዳኑን ስለሚነካ የመጀመሪያዎቹ ሊትሮች ሲያልቁ መርፌው አይነቃነቅም። ብዙ ሳልባትዮዎችም ወደ ታች ይጠባሉ። ስለዚህ የመርፌው ግማሽ የሊትር ግማሽ ነው ብሎ መቁጠር አይቻልም፤ «ሁለተኛው ግማሽ ቶሎ ያልቃል» የሚሉት ሾፌሮች እውነታቸውን ነው።

ጌጁ እስኪሠራ

ጥገናው የሚዘገይ ከሆነ ከጌጅ በፊት የነበረው መላ አሁንም ይሠራል። ቮልስዋገን ቢትል እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ያለ ነዳጅ ጌጅ ነበር የምትወጣው። ሞተሯ ማነቅ ሲጀምር ሾፌሩ ከእግሩ አጠገብ ያለችውን መቀየሪያ ያዞርና 5 ሊትር ገደማ መጠባበቂያ ይከፍታል። ዛሬ ያንን የሚተካው እንጨት ነው። መሙያው ቀጥ ብሎ ወደ ሳልባትዮው ለሚወርድ መኪና፣ ለምሳሌ ሳልባትዮው ጎን ላይ ለተንጠለጠለ አይሱዙ፣ ሜዳ ላይ አቁመው 10፣ 10 ሊትር በቀዱ ቁጥር ንጹሕና ደረቅ ዘንግ እያስገቡ የረጠበበትን ቦታ በቢላ ይሰንጥቁ። ከዚያ ወዲህ ያ ዘንግ ከማንኛውም ጌጅ ይበልጥ ይታመናል። ሳልባትዮውን በጣት አንኳኩቶ ድምፁ የሚቀየርበትን መስማትም የቆየ የረዳቶች ጥበብ ነው፤ ግምት ቢሆንም ባዶውን ከሙሉ ይለያል።

ሁለተኛው መላ መዝገብ ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚሠራ ከሆነ ሞልተው ይነሱ፣ እንደገና ሲሞሉ የገባውን ሊትር ለተጓዙት ኪሎ ሜትር ያካፍሉ። የነዳጅ ክፍያ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በስልክ መሆኑ ለዚህ ጠቅሟል፤ የከፈሉት ሁሉ ስልክዎ ላይ ከነቀኑ ተቀምጧል። የሜዳውን ፍጆታ ለዳገቱ አያውሉት እንጂ። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ 20 ሚሊዮን ጁል ገደማ ጉልበት ይፈልጋል። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሚሊዮን ጁል ቢይዝም ሞተሩ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከጥልቅ ሸለቆ መውጣት ከመደበኛው ፍጆታ በላይ ሁለት ሊትር ያህል ይበላል፤ ሰባት ቶን የሚሆን የተጫነ አይሱዙ ከሆነ ከስድስት ሊትር በላይ። ናፍጣ ያለቀበት መኪና ደግሞ ነዳጅ በመቅዳት ብቻ አይነሳም፤ መስመሩ አየር ስለሚይዝ በእጅ ፓምፑ እየገፉ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። ያንን ሥራ በማታ፣ ደጋ ላይ፣ በደነዘዘ ጣት የሠራ ሰው ሩብ ሳልባትዮን ከባዶ ይቆጥራል።

ጥገናው ተሳካ የሚባለው መርፌው ስለተነቃነቀ አይደለም። ዘንጉን አስገብተው ከመርፌው ጋር በሙሉ፣ በግማሽና በሩብ ያስተያዩ፤ በሦስቱም ከተስማሙ ጌጁ ታማኝ ነው። ወደ ጋራዥ የሚወስዱት ከሆነ ደግሞ ገና ክዳኑ ሳይነሳ «ሴንደሩ ይቀየር» የሚል መካኒክ ያጋጥምዎታል። አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ ሽቦውን ነቅለህ ብረት ስታስነካው መርፌው የት ሄደ? መልስ ካለው ፈትሿል ማለት ነው። ከሌለው እየገመተ ነው፤ የግምቱን ዋጋ የሚከፍሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት።